ዶቅዶቄህ በእናትህ በር

ውድ መርዳሳ፣

ሰሞኑን በዶቅዶቄህ ሳልፍ ፖስታ ቤት ጋ አንድ ሰውዬ ከማዶ በስምህ ጠራኝ። እጁን እያውለበለበ አስፋልቱን አጋምሶ ፊቴን ሲያይ ደርቆ ቆመ። ካረፍክ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ያልሰማ ሰው ግን አሁንም አለ። እሱስ ምን ያድርግ? አዳማ ውስጥ እንደሷ ያለች ቢጫ ዶቅዶቄ ሌላ የለችም፤ ሌላ ሰው ይነዳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እውነቱን ልንገርህና፣ በሕይወት ሳለህም በእሷ እቀናብህ ነበር። መቂ፣ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ መጋዘን ውስጥ፣ ዶሮ ታቅፋባት ያገኘሃት ዕለት አብሬህ ነበርኩ። «ይሄን ብረት ለቆራሌ ስጠውና እንሂድ» ብዬ ሳቅኩብህ። አንተ ዶሮዋን ከነእንቁላሏ በክብር አንስተህ ጥግ አስቀመጥካትና ታንከሩን በሸሚዝህ እጅጌ ትጠርግ ጀመር። ከዚያ እንደበሰለ ማንጎ ቢጫ ቀባሃት፣ ወንበሯን በቆዳ አሰፋህላት። የተቀደደ ማርሚታዋን፣ የጭስ ማውጫዋን ብቻ ማንም እንዲነካው አልፈቀድክም። ድምፁን እንዳሻው ይለቀው ነበር። «እሷ ማለት ድምፅዋ ነው» ትለኝ ነበር። የእኔ ሞተር አዲስ ነበረች፤ ግን ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም። አንተ ስታልፍ ባጃጆች ጥሩምባ ይነፉልሃል፤ ሶደሬ መንገድ ላይ ሕፃናት እየሮጡ ይከተሉሃል። እኔም አንድ ቀን እንደዚያ ሆኜ ማለፍ አምሮኝ ነበር።

ሆስፒታል ተኝተህ «ዶቅዶቄዋን አንተ ያዛት፤ ቆማ እንዳትዝግ» ስትለኝ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለአንተ ነው። ከእንባው ሥር ግን ትንሽ ደስታ እንደነበረችም አልዋሽህም።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ከሥራ ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሷ ስመለስ፣ መንገዴ በእናንተ በር ነበር። ጠመዝማዛው ጋ ስደርስ የቆርቆሮው በር ተከፈተ። እናትህ እማማ ዲንቄ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ወጥተው፣ አንተ ሳትወርድ እንድትገባ ሁልጊዜ ያደርጉ እንደነበረው፣ በሩን ወለል አድርገው ያዙት። «ዱፍቴ?» አሉ፤ መጣህ? ማለታቸው ነው። ከዚያ እኔን አዩኝ። «አሻም አዶኒያስ፣ ደህና ዋልክ?» ብለው በሩን ቀስ አድርገው መለሱት።

በማግስቱም ያው ሆነ። በሌላውም ቀን። እኚህን ሴት በየቀኑ እንደ አዲስ መርዶ እያረዳኋቸው ነው ብዬ ራሴን ጠላሁ። ስለዚህ ወደ መካኒኩ ሰንበታ ጋራዥ ወሰድኳትና ድምፅ የሌለው አዲስ ማርሚታ አስገጠምኩላት። አሮጌውን ጋራዡ በር ላይ ቆራሌው ወሰደው። መቂ ላይ የቀለድኩት ቀልድ በገዛ እጄ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በራችሁን ኮቴዬ ሳይሰማ ማለፍ ጀመርኩ፤ በሩም አይከፈትም። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ጌታን አመሰገንኩ።

ባለፈው እሁድ ከቸርች ስንወጣ እናትህ እጄን ያዙኝ።

«ምን አስቀየምኩህ አዶኒያስ? በእኛ በር ማለፍ ተውክ።»

«ኧረ እማማ፣ በየቀኑ ነው የማልፈው።»

«አላለፍክም። ብታልፍ እሰማ ነበር።»

ማርሚታውን መቀየሬን፣ ለምን እንደቀየርኩትም ነገርኳቸው።

«እኔ እኮ አላበድኩም» አሉኝ እጄን ሳይለቁ። «ቆሜ ያስቀበርኩት ልጅ ይመጣል ብዬ መሰለህ የምከፍተው? ድምፁ ሲመጣ፣ በቃ ዛሬም ዋልኩ እላለሁ። ራቴን እበላለሁ፣ እተኛለሁ። አሁን ቀኑ መቼ እንደሚያልቅ እንኳ ጠፍቶኛል።»

መርዳሳ፣ ምነው ቀድሜ በጠየቅኳቸው! ሰኞ ዕለት ፈቃድ ወስጄ ቆራሌዎች ብረት የሚያራግፉበትን ግቢ ሁሉ ዞርኩ። የለም። ቀልጦ የማን መስኮት እንደሆነ ማን ያውቃል። ሰንበታ ሌላ ማርሚታ በስቶ ሞከረልኝ፤ ስትነሳ ልክ ወፍጮ ቤት መሰለች፤ ሰንበታም ራሱ አፍሮ አወለቀው። አንተ አደራ ያልከኝ ድምፅዋን ነበር፤ እኔ ቢጫዋን ብቻ ይዤ ቀረሁ። ያ ድምፅ ዳግመኛ በአዳማ አይሰማም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ በራችሁ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። ላንኳኳ እጄን ዘርግቼ መለስኩት። ከዚያ እኔ፣ ጢሜ የሸበተው የጥገና ክፍል ኃላፊ፣ ጎረቤት እያየኝ በአፌ «ዶቅ ዶቅ ዶቅ ዶቅ» ማለት ጀመርኩ። ልጆች ሳለን እንጨት ጋልበን እንደምናደርገው።

በሩ ገርበብ አለ። እማማ ዲንቄ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ብቅ አሉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«እንደሱ አይደለም» አሉኝ። «የእሱ ሊቆም ሲል ያስላል። ዶቅ ዶቅ ዶቅ... እህህ! ከዚያ ነው ዝም የሚለው።»

ደግሜ ሞከርኩ።

«አሁንም አልሆነም» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ኮቱ፣ ና ግባ ከነዶቅዶቄህ። ነገ ታስተካክለዋለህ።»

ከነዶቅዶቄህ አሉኝ፣ መርዳሳ። በዚህ ከተማ «ያንተ ናት» ብሎኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እየገፋሁ አስገባኋትና፣ አንተ ታቆማት የነበረበት ቦታ አቆምኳት።

ሳሉን እየተለማመደ ያለው ጓደኛህ፣
አዶኒያስ