ባልሞከርከው ነገር ተጨበጨበልህ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጣ አሁንም «እህ» እያልክ ነው ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልህን እንቅስቃሴ ተማሪዎችህ የቤት ሥራቸውን እንደሚያጭበረብሩት አንተም እያጭበረበርክ ነው? የእማዬ ደም ግፊት ተሻላት? ዋርሳዬስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ፤ በንዴቴ ግን ደኅና አይደለሁም። ስለዚህ በስልክህ ውስጥ ያለችው አንባቢ ሴትዮ ይህን ደብዳቤ ስታነብልህ ፍጥነቷን ቀንስላት። እሷ ምን ገዷት፣ ሰላምታዬንም ቁጣዬንም በአንድ ትንፋሽ ነው የምትወጣው።

ለምን እንዳልደወልኩልህ ትጠይቅ ይሆናል። ብደውልልህ ትስቅብኛለህ፤ ስትስቅ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ነገሩ ይቀልና ተረስቶ ይቀራል። ይኼኛው እንዲቀል አልፈልግም። ደግሞም ነገሩ ስላንተ ነው።

ከሥሩ ልጀምርልህ። የዛሬ ሁለት ዓመት የክሊኒኮቹን የቀጠሮ ድረ ገጽ ስሠራ ዕረፍትህን እኔ ዘንድ ነበር የጨረስከው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ ስልክህን ጆሮህ ሥር አድርገህ እየነካካህ፣ ይሄ ዲዳ ነው፣ ይሄም ዲዳ ነው ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ሲነኩት ምን እንደሆነ የማይናገር ቁልፍ ሁሉ በቢሯችን ስሙ «ዲዳ» ሆኖ የቀረው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ሠላሳ አንድ ዲዳ አገኘህልኝ፤ ሠላሳ አንዱንም አናገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ማየት የተሳናቸው ሕመምተኞች ማንንም ሳያስቸግሩ በገዛ ስልካቸው ቀጠሮ መያዝ ጀመሩ። ያቃተው ደግሞ የክሊኒኮቹን ጥሪ ወደምትቀበለው ወደ ስልክ ክፍላችን ይደውላል።

አሁን አዲስ አለቃ፣ የቴክኖሎጂ ኃላፊ፣ መጥቶልናል። በቢሮው ስሙ «መቶ በመቶ» ነው፤ ምንም ብትጠይቀው መልሱ መቶ በመቶ ነውና። በቅርቡ የኃላፊዎች ጉባኤ ላይ ውሎ ሲመለስ እሳት ጎርሶ መጣ። ሰው ሁሉ ሥራውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጥቶ ሲያበቃ እኛ ብቻ በእጃችን እንቆፍራለን አለን። ከዚያ አንዱን የአስተውሎት ፕሮግራም ገዛና ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ገጽ በዘጠኝ ቀን አፍርሶ አሠራው። ታውቀኛለህ፣ አዲስ ነገር አልጠላም፤ ያንኑ ፕሮግራም እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፣ ጎበዝ ነው። ነገር ግን የጎበዝ ተማሪንም ፈተና የሚያርመው ሌላ ነው። እዚህ ገጹን የሚሠራው ፕሮግራም፣ የሚያርመውም ፕሮግራም ሆነ። አራሚው ለዓይነ ስውራን ምቹ ነው ብሎ ከመቶ መቶ ሰጠው፤ አለቃችንም ያቺን መቶ በትልቁ አሳትሞ በሩ ላይ ለጠፋት።

እኔ ደግሞ አንተ እንዳስተማርከኝ ሻርፔን ዓይኔ ላይ አስሬ፣ የስልኬን አንባቢ ድምፅ ከፍቼ፣ ቀጠሮ ልይዝ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ስነካ፣ «ነጭ ገዋን የለበሰች ፈገግ ያለች ሴት» አለኝ ስልኩ። ሁለተኛውን ስነካ፣ የተጨባበጡ ሁለት እጆች። ሦስተኛው፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ቢጫ የቀን መቁጠሪያ፣ ከጎኑ አበባ። ኋላ ሻርፔን ፈትቼ ሳየው ለካ ሴትዮዋ ቀጠሮ መያዣ ነበረች፣ እጆቹ ደግሞ ቀጠሮ መሰረዣ። ፕሮግራሙ የሥዕሉን መልክ እንጂ የቁልፉን ሥራ አይናገርም። የክሊኒኩ በር በየት በኩል ነው ብለህ ስትጠይቀው የበሩን ቀለም አሳምሮ የሚነግርህ ሰው አይገጥምህም? ልክ እንደሱ ነው። ለአራሚው ግን ሥዕሉ ሁሉ ቃል አለውና ዲዳ የሚባል የለም። ዓይኔን ሳላስር ለሙከራ የያዝኩት አንድ ቀጠሮ ነበረኝ፤ እሱንም ሳላውቅ ሰርዤው አረፍኩ።

ይህን ሁሉ ለአለቃችን ነገርኩት። ማሽኑ መቶ ከሰጠ አንቺ ከማሽኑ ትበልጫለሽ ወይ አለኝ። ቀጥሎም ዓይነ ስውር ሕመምተኛ ለመሆኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ደሜ ፈላ፣ ግን ዋጥኩት።

የማክሰኞው ነው ያልተዋጠልኝ። የክሊኒኮቹ ኃላፊዎች በተሰበሰቡበት ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ወጣ፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ በትር የያዘ፣ ጥርሱ የሚያብለጨልጭ፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሰውዬ። አለቃችን እጁን ወደ ፎቶው ዘርግቶ፣ ይህንን ገጽ የሠራተኛችን ወንድም፣ ማየት የተሳናቸው መምህር፣ ራሳቸው ሞክረው ሕይወቴን ቀየረው ብለዋል አለ። አንተ፣ ከእማዬ በቀር ሰው አመስግነህ የማታውቀው። የሞከርከው ፈርሷል፤ አዲሱን አልነካኸውም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። ሰዎቹ አጨበጨቡ። አጨብጭበው ሲያበቁ ዞረው እኔን አዩኝና ፈገግ አሉልኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ክፉው ነገር ይኼ ነው፤ እኔም ፈገግ አልኩላቸው። በዚህ ዓመት ፕሮግራሙ ሥራችሁን ይሠራዋል ተብለው ዕቃቸውን በካርቶን ይዘው የወጡትን አራት ባልደረቦቼን አሰብኩ፤ አፌ ተያዘ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የእኔ ግን ወርቅ አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ከንዴቴ ግማሹ በራሴ ላይ መሆኑን እወቅልኝ።

በማግስቱ አለቃችን ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ወንድሜ ሞክሮት አረጋግጧል የሚል ነው፤ የሚፈርመውም እኔ ነኝ። እኔ ከፈረምኩ ከመጪው ወር ጀምሮ የስልክ ክፍሏ ትዘጋለች፤ ቀጠሮ በገጹ ብቻ ይሆናል። ያቺን ክፍል ታስታውሳታለህ፣ ከሊፍቱ ጎን ያለችው ጠባቧ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስልክ ያነሱት እትዬ ሕመምተኛውን ሁሉ በድምፁ የሚለዩባት። ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ልጄ፣ እውነት ወንድምሽ ሞክሮት ነው፣ እሱ ካሳለፈው እኔም ቅር ሳይለኝ እወጣለሁ አሉኝ። አልሞከረውም አልኳቸው። ማክሰኞ ለዚያ ሁሉ ሰው ያልወጣችኝ ቃል ለእሳቸው ወጣች። ስልኩ ሲጠራ ክንዴን ለቀቅ አድርገው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

እኔም አልፈርምም ብዬ ለመቶ በመቶ ነገርኩት። አልተቆጣም። ይልቅ ለወንድምሽ አሁን ደውዪለት፣ አሥር ደቂቃ ይነካካው፣ ያኔ ያልነው ሁሉ እውነት ይሆናል አለኝ። ለካ ውሸትን ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ማድረግም አለ። ወረቀቱን ተቀብዬው ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። የተጻፈውን ሰረዝኩና በእጄ፣ ወንድሜ ይህን ገጽ አልሞከረውም፤ እኔ ዓይኔን አስሬ ሞክሬዋለሁ፣ ቀጠሮ መያዝ አልቻልኩም፤ እሱ ስልክ አለው፣ አፍም አለው፣ ራሱን ጠይቁት ብዬ ጽፌ፣ ስልክ ቁጥርህን ከሥሩ አድርጌ ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ ለአለቃችን፣ አንዱን ለክሊኒኮቹ ዋና ሐኪም ሰጠሁ። ሳላስፈቅድህ ቁጥርህን በመስጠቴ ይቅር በለኝ።

ሐኪሟ ቁም ነገረኛ ሴት ናቸው። ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ ድምፁን ለሁሉም ከፍተው ይደውሉልሃል። አለቃችን ይህን ሲሰማ ጠራኝና ወንድምሽን አዘጋጂው አለኝ። በሰዎች ፊት ካዋረደኝ አምስተኛዋ ካርቶን ያንቺ ናት ማለትንም አልረሳም።

እንግዲህ ዝግጅቱ ይኸውልህ። የአዲሱን ገጽ አድራሻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ እንደ ድሮህ ስልክህን ጆሮህ ሥር አድርገህ ቀጠሮ ለመያዝ ሞክር። ከቀናህ ቀናኝ በል፤ ካልሆነልህም እንዲሁ። ምን እንደምትል አልነግርህም፤ እስካሁን ሁሉም ባንተ አፍ ተናግሯል፣ እኔም ጭምር። አውቅሃለሁና አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ እህቴ ከሥራዋ ትፈናቀልብኛለች ብለህ አንዲት ቃል እንዳታለሳልስ። እኔ ለሥራዬ ፈርቼ አንዴ ዝም ብያለሁ፤ ከቤታችን አንድ ዝምታ ይበቃል።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜ እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ፤ የካርቶኑን ነገር ግን አትንገራት፣ ደም ግፊቷ ይነሣል። ለዋርሳዬ ናፍቆቴን ንገራት፤ ሰኞ ጠዋት ስልክህን ቻርጅ አድርጋ በእጅህ እንድትሰጥህ አደራ። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ በስልኩ ሰዓት እንዳይጮኹ ግን አስፈራራቸው።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከአራተኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ጎን ካለው ጠረጴዛዬ
ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን