የብብቴ እንግዳ

ሐሙስ፣ የካቲት 8 ቀን 1948 ዓ.ም.

ገበያ ቀዝቃዛ። ቀኑን ሙሉ ከዝንብና ከአቡጀዴ ጋር ተፋጠን ዋልን።

ማታ እንደ ልማዳችን ለጁምዓ ብብታችንን ተላጨን። አባቴ ይቀድማል፣ እኔ እከተላለሁ። ምላጩ ጣልያን ከጎንደር ሲወጣ ከአንድ ጸጉር አስተካካይ የገዛው ነው። በቀበቶው ላይ ወዲያ ወዲህ ያደርገዋል፣ በጋቢው ጫፍ ይጠርገዋል፣ ከዚያ «እንካ፣ እንዳታዶለድመው» ይለኛል። ከዚህ በላይ ከዶለዶመ ማንኪያ ነው።

ብብቴ ሥር ያለው እንግዳ ተመልሷል። ከመስቀል ወዲህ ሦስተኛው ይሁን አራተኛው... ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ይሄዳል፣ ገና ሳይናፍቀኝ ይመጣል።

ትልቁ ወሬ ግን ሌላ ነው። አባቴ ሠርጌን ከመጪው ዓመት አምጥቶ ከረመዳን በኋላ አደረገው። ሐዲጃን በዒድ ማግስት ላገባት ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ «ምን አስቸኮለህ» ሲለኝ የኖረ ሰው ዛሬ ምን ነካው? አልጠየቅሁም። ደግ ነገር ሲመጣ ዝም ብሎ መቀበል ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ሳወርድ ጮኽኩ። ከዳባት የመጡት ደንበኛችን እትዬ ባንቺአየሁ «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንህ?» አሉና ምርመራ ጀመሩ። ምች ነው፤ ዳማከሴ ተሽቶ ይጠጣ። በረንዳችን ላይ የሚሰፋው አያ ባዬ መኪናውን አቁሞ፣ የለም ንፍፊት ነው፣ እጁ ቆስሎ ይሆናል አለ። እጄን ገልብጠው ገልብጠው አዩ። ቁስል የለም። ቅር አላቸው።

እናቴ ዘንድ ደግሞ ጉዳዩ ያለቀ ነው። ዓይን! መልኬን አይተው ነው አለች። ቡዳው ጎንደር ውስጥ ከኔ የተሻለ መልክ አጥቶ... ይሁን። ፌጦ ተለጥፎብኝ ነው የምጽፈው። ያቃጥላል። በዚህ ሽታ ቡዳው ሳይሆን ሙሽራዋም ትሸሻለች።

አባቴ ሁሉንም ሰምቶ «አንተ ብቻ ነህ ብብት ያለህ?» ብሎኝ ወጣ። አዛኝ ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ፈነዳ። አልሐምዱሊላህ። ምስጋናውን ዳማከሴና ፌጦ እኩል ተካፈሉት።

ሐሙስ፣ የካቲት 22

ተላጨን። አባቴ ዛሬ በሩን ዘግቶ ነው የተላጨው። ሰው ሲያረጅ እፍረት ይጀምራል ማለት ነው?

እሑድ፣ የካቲት 25

መጣ። በዚህ ጊዜ ሁለት ሆኖ ነው የመጣው። እኔ ሳላገባ እሱ አገባ።

ረቡዕ፣ የካቲት 28

የሐዲጃ አባት ሐጂ ሸሪፍ ሱቅ መጡ። ሰላም ልላቸው ስል እጄ አልነሣ አለ። አዩኝ። ማታ ሰው ላኩ። አራዳ ላይ የሚወራው ሌላ ነው አሉ። የመሸታ ቤት ሴት ያስያዘችው በሽታ ነው ይባላል። ሐኪም አይቶት ምንነቱ ሳይታወቅ ሠርግ የለም።

መሸታ ቤት! ቀን ሱቅ፣ ማታ አባቴ ፊት የምቀመጥ ሰው በሽታ የምገዛበት ጊዜ የት አለኝ?

እናቴ አለቀሰች። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ተቀምጦ ቀረ። እኔም ቀልዱ ጠፋብኝ። ሐዲጃን ካጣሁ... አልጽፈውም።

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ረዳቱ፣ ድሬሰሩ ቢያዝን፣ ያስተረጉማል። አንገቴን ዳሰሰ፣ ብሽሽቴን ዳሰሰ። ያስልሃል? ማታ ያልብሃል? ከስተሃል? ድመት ቧጭሮህ ያውቃል? ከዚያ ዘረዘረ። ነቀርሳ እንዲህ ያሳብጣል፤ የእጅ ቁስል ያሳብጣል፤ የደም በሽታ አለ፤ ክፉ ዕጢም አለ... ቢያዝን ደግሞ ሲተረጉም ያጣፍጠዋል። እያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ሞትኩ።

በመጨረሻ ቆዳዬን በማጉያ መስተዋት አየና በምን እንደምላጭ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ምላጩን፣ ቀበቶውን፣ ጋቢውን። ቢያዝን ተርጉሞ ሳይጨርስ ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ።

ይኸው ነው። የዶለዶመ ምላጭ ቆዳ ይልጣል፣ ጸጉሩ ወደ ውስጥ ይበቅላል፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገረው ቆሻሻ ይገባበትና እባጭ ይሆናል። ፔኒሲሊን ወጋኝ። አንድ ወር አትላጭ አለኝ። ስመለስ የመስጊዳችንን ሼኽ ጠየቅሁ፤ ብብት ሳይላጩ እስከ አርባ ቀን መቆየት ይፈቀዳል አሉ። ሃይማኖትና ሕክምና ተስማሙ፤ የቀረው አባቴ ነው።

ከሐኪም ቤት ልወጣ ስል ግን ሐኪሙ በቢያዝን በኩል «ካንተ በፊት የሚላጨውስ ሰው? ብብቱን አይተኸዋል?» አለኝ።

አላየሁም። የአባቱን ብብት የሚያይ ማን አለ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ነገርኩት። አባቴ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን በሩን ዘጋና ሸሚዙን አወለቀ። በሁለቱም በኩል ነው። ግራው ጠቁሮ፣ አብጦ... ከኔ በጣም የባሰ።

«መቼ ጀመረህ?»

«ከክረምት ወዲህ።»

«ምነው ዝም አልከን?»

«ወንድሜን የገደለው ይኸው ነው። ብብቱ ሥር ወጣ፤ ዓመት አልሞላውም። እኔ ደግሞ ሠርግህን ሳላይ እንዳልሄድ ብዬ ነው።»

ለካ ጥድፊያው... እኔ እዚህ ስቀልድበት እሱ መሞቻውን ሲጠብቅ ከርሟል። ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ሐኪሙ አባቴን አየው። አጎቴን የገደለው ሌላ ነው፤ ይኸ እባጭ ነው አለ። ቀዶ አፈሰሰለት። ምላጩን ራሱ አባቴ ሽንት ቤት ጣለው።

እሑድ፣ መጋቢት 9

ሐጂ ሸሪፍ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የሐኪሙን ቃል እኔ ላስረዳ ተዘጋጅቼ ነበር። አባቴ በእጁ ዝም አሰኘኝ። በቤቱ እንኳ የአንገት ቁልፉን የማይፈታ ሰው ኮቱን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ፣ ፋሻውን እያሳየ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ያመዋል፤ ፊቱ ላይ ይታያል።

«ልጄን ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «የትኛው መሸታ ቤት ነው ላላችሁ፣ የኔ ምላጭ ነው።»

ሐጂ ሸሪፍ መሬት መሬት አዩ። «ልበስ ዐብዱረሕማን፣ ልበስ ወንድሜ። ሠርጉ በቀኑ ነው» አሉ።

ደጅ ወጣን። እጁን ማጠፍ ስላቃተው ሸሚዙን እኔ ቆለፍኩለት። አላፊ አግዳሚ ያየናል። ይየን።

«እንግዲህ የማልሞት ከሆነ» አለኝ፣ «ሠርጉን ለመጪው ዓመት ብናደርገውስ? ምን አስቸኮለህ?»

ቀና ብዬ አየሁት። እየሳቀ ነው። ከክረምት ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። የአንገቱ ቁልፍ ላይ ደርሼ ስለነበር ትንሽ አጠበቅሁበት።