ለምላሴ ዘምዘም

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ማዳም ዛሬም ከብሳው ላይ እንከን አወጣች። "ሩዙ ተጣብቋል።" አልተጣበቀም። እንግዶቿ ጣታቸውን እየላሱ "ማን ሠራው?" ሲሏት "ሸጋላችን" አለች። ሠራተኛችን ማለቷ ነው። ስምንት ዓመት እዚህ ዓረብ ቤት... ከሪማ ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

ከሰዓት ጓደኛዬ ዘይነብ የድምፅ መልእክት ላከች፣ እየሳቀች። "አንቺ ልጅ፣ ለዓርቡ ውድድር ተዘጋጀሽ? ጨጨብሳሽን ይዘሽ ነይ። እኔ ሽሮዬን ይዤ እመጣለሁ። መሐረብም ያዢ፣ ማልቀስሽ አይቀርም!"

ዓርብ ዓርብ ከያለንበት ቤት ወጥተን ጉለይል ሰፈር ባለችው የጋራ ክፍላችን ስንሰባሰብ ወጥ የምትሠራው እሷ ናት። እኔ ሽንኩርት ከታፊ። አንድ ቀን እኔ ብሠራ "ይቺ የሆስፒታል ምግብ ናት" ብላ ሁሉንም ስታስቅ ዋለች። እኔም ስቄያለሁ።

ውድድሩን ያሰበው በበግዳዲያ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ሱሩር ነው። የአሸናፊው ምግብ በየዓርቡ እሱ ቤት ይቀርባል። በሩ ላይ ባለው ሰሌዳም ስሙ ይጻፋል። "የከሪማ ጨጨብሳ"... ደጋግሜ አልኩት፣ ሰሃን እያጠብኩ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 3

አሸነፍኩ። ደስ አላለኝም። ነገ እጽፈዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ልጻፈው። ለሰው አይነገር...

ቦታው ከከተማ ወጣ ያለ የኪራይ ግቢ ነበር። ቀማሾቹ ሁለት፣ ሱሩርና አየር መንገድ ቢሮ የምትሠራው ራሔል። ደንቡ አንድ፣ ሲከፋህ የምትበላው ምግብ ይሁን። ሹፌሩ ሙሐመዲን ፉል ይዞ ከች አለ። "ፉል ደግሞ መቼ የእኛ ሆነ?" ሲሉት "እኔ እኮ መከፋት የጀመርኩት እዚህ አገር ነው" አለ። በሳቅ ሞትን።

ዘይነብ ከረመዳን ቀጥሎ ያለውን የሸዋልን ስድስት ቀን እየጾመች ነበር። እኔ የወር አበባ ላይ ስለነበርኩ አልጾምኩም። የሽሮ ዱቄቱን እህቷ ናት ከከሚሴ የላከችላት። አገር ቤት አንዳንዱ ጨው ከትቶ ያስፈጫል፣ አንዳንዱ ሳይከት። ይሄ የትኛው እንደሆነ አታውቅም። ሙሐመዲን "በምላስሽ ጫፍ ቅመሽ ትፊው፣ ይቻላል" ቢላት "ለሽሮ ብዬ ጾሜን ጥርጣሬ ውስጥ አልከትም" አለች። ማንኪያውን ወደ እኔ ዘረጋች።

"ከሪሜ፣ ቅመሺልኝ እስቲ። ጨው አለው?"

ቀመስኩ። ጨው የሚባል አልነካውም።

"ልክ ነው እታለም። እንዳትጨምሪ።"

ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ ልል ነበር። ለራሴ ደብተር ልዋሽ? አስቤበታለሁ። ማንኪያው ከአፌ እስኪወጣ ድረስ ሰሌዳው ታይቶኛል። የሆስፒታል ምግብ ያለችውም ትዝ ብሎኛል። ጊዜ ነበረኝ።

የማግሪብ አዛን አለ። ሱሩር ሽሮውን ጎረሰና ራሔልን አያት። ራሔል አንገቷን ደፋች። "ዘይነብ፣ ጨው ረሳሽ እንዴ?" ዘይነብ በተምር አፍጥራ ራሷ ቀመሰችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች። አለቀልኝ አልኩ። እሷ ግን ወደ ሰዉ ዞራ "እኔ ነኝ የረሳሁት! እርጅና መጣ ማለት ነው!" ብላ ሳቀች። ስሜን አላነሳችም። ሲያጨበጭቡልኝም ከሁሉ በላይ እልል ያለችው እሷ ናት።

ዕቃ ስናጥብ ጠጋ አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰው እንዳይሰማ።

"ከሪሜ... ጨው አይታወቅሽም እንዴ? ኮሮና ከያዘሽ ወዲህ ነው?"

አዎ አልኩ።

አዎ አልኩ!

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሙሐመዲን በር ላይ አንድ ማሰሮ ጥቁር አዝሙድ በማር አስረከበኝ። ከዘይነብ ነው። መልእክትም ነበረው፦ "ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ። አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ማዳምሽ ከሰማች ከወጥ ቤት ታስወጣሻለች።"

ሞኝ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ሞኝ አይደለችም። ውሸቴን የተቀበለችው ስለምታምነኝ ነው።

ማሩን ከአልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ከዚያ አውጥቼ አንድ ማንኪያ ላስኩ... ጣፋጭ ነው። ሁሉም ነገር ይታወቀኛል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ነገ ማዳም ለዑምራ መካ ልትወስደኝ ነው። ለሚያውቁኝ ሁሉ ደወልኩ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ አፉ ብለናል... ወጉ ነው፣ ማንም ለምኑ አይልም። ዘይነብን መጨረሻ ላይ ደወልኩላት።

"እታለም፣ አፉ በይኝ።"

"አፉ ብዬሻለሁ፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም። አላህ ይቀበልሽ። ስሚ፣ የዘምዘም ውሃ ስትጠጪ ለምላስሽ ነይቺ፣ ይዳን ብለሽ አስቢ። ለተነየተለት ነው እኮ!"

ያኔ ልነግራት ነበር? ይመስለኛል። ማዳም "የላ፣ ከሪማ!" ብላ ተጣራች። ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ጠራችኝ፣ እሱም ለማስቸኮል። ስልኩን ዘጋሁት። የማዳም መጥራት ግን ሰበብ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10፣ መካ

የዑምራውን ሥርዓት፣ ጠዋፉንም ሰዕዩንም፣ ጨረስን። ሌላው ሰው ያለቅሳል። እኔ እንባዬ ደርቋል።

ዘምዘም ቀዳሁ። ምን ብዬ ልነይት? ያልታመመ ምላስ አሽርልኝ ይባላል? እዚህ ቆሞ? አልነይትም ብል ደግሞ ዘይነብ ትጠይቀኛለች። አንዱን ብርጭቆ ዝም ብዬ ጠጣሁት። ሁለተኛውን ቀዳሁ። "ያ ረቢ፣ ምላሴን..." አልኩ። ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። የቀረውን እሱ ያውቀዋል።

ዘምዘም ትንሽ ጨው ጨው ይላል። ታወቀኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ወደ ጉለይል ስመጣ በበግዳዲያ፣ በሱሩር ምግብ ቤት በኩል አለፍኩ። ሰሌዳው ላይ ስሜ አለ። በአማርኛም በዓረብኛም። ቆሜ አላነበብኩትም፣ እንደ ሌባ በጎን አየሁትና አለፍኩ።

ክፍሉ ውስጥ አብረውን የሚጋሩት ሀናንና ኢማን አሉ። ዘይነብ ሁለት ፊንጃል ምስር ሾርባ አዘጋጅታ ትጠብቀኛለች። ለእነሱም የምላሴን ነገር ነግራቸዋለች፣ ከዑምራ ስለተመለስኩ ነገሩ ያለቀ መስሏት።

"ነይተሽ ጠጣሽ?"

"ጠጣሁ።"

"ዓይንሽን ጨፍኚ። አንዱ ጨው አለው፣ አንዱ የለውም። የቱ ነው?"

ቀመስኩ። ግራው ነው ጨው ያለው። ዓይኔን ስገልጥ ሀናን እጇን አፏ ጋ አድርሳለች፣ እልል ልትል። ዘይነብ ትንፋሿን ይዛለች። "ግራው" ብል አለቀ። ዘምዘም አዳናት ይባላል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል፣ እኔም ነጻ እወጣለሁ። እንዴት ያለ ቀላል ነገር! በዘምዘም መዋሸት ግን... አልቻልኩም።

"ይታወቀኛል" አልኩ። "ያን ቀንም ታውቆኝ ነበር።"

ሀናን እጇን አወረደች።

"ያን ቀን?" አለች ዘይነብ።

"ያን ቀን።"

"ጨው እንደሌለው?"

"እንደሌለው።"

ትጮሃለች ብዬ ነበር። ፊንጃሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደረበቻቸው። "ሁለት ሳምንት ሙሉ በየሶላቴ ሱጁድ ላይ ስምሽን ስጠራ ነበር" አለች። ዓባያዋን ለበሰች። በር ላይ ደረስኩባትና እንዲህ ማለቴ አሁንም ያሳፍረኛል፦ "አፉ ብለሽኝ ነበር እኮ..."

"አፉ ስልሽ አውቄ ነበር እንዴ?"

ሄደች። ኢማን ሾርባውን ደፋችው። ከዚያ በኋላ ማንም ምግብ አልፈለገም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 18

ለሱሩር ደውዬ ስሜን አጥፋው አልኩት። "ሰው ወዶታል፣ ምን ነካሽ?" አለ። ነገርኩት። "ኸላስ፣ አጠፋዋለሁ" አለ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

አልመጣችም። ሀናን አበሰለች። በላን፣ ማንም ጥሩ ነው መጥፎ ነው አላለም።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ሰሌዳው ላይ "ጨጨብሳ" ብቻ ይላል። ሰው ሁሉ ያየኛል መስሎኝ ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ዘይነብ ዛሬም አልመጣችም። ማሩ አልቋል። ማሰሮውን አጥቤ አስቀምጫለሁ፣ መመለስ አለበት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ረመዳን በወር አበባ የበላሁትን ቀን ቀዷ እያወጣሁ፣ እየጾምኩ ነው። ማፍጠሪያ ሽሮ ጣድኩ። ሀናንና ኢማን ገበያ ወጥተዋል። በሩ ተንኳኳ፣ እነሱ መስለውኝ ከፈትኩ።

ዘይነብ ናት።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አለች። "ወዓለይኩም ሰላም።" ጫማዋን አውልቃ ገባች። ማሰሮውን መስኮቱ ላይ አየችው። የይቅርታ ቃል አሟጥጫለሁ፣ በስልክ ልኬላት አልመለሰችም። ሽሮው ይፍለቀለቃል። ማንኪያውን አነሳሁ።

"እታለም... ጾመኛ ነኝ። ቅመሺልኝ።"

ማንኪያውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ተቀበለችኝ። ቀመሰች። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"ጨው ያንሰዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨምሪ።"

አንድ ሙሉ! ድስቱ ትንሽ ነው፣ ጨውም ከትቼበት ነበር... ከትቼ ይሆን? ዓይኗን ፈለግኩት፣ አላየችኝም።

እንዳለችኝ ሙሉውን ጨመርኩ። አማሰልኩት።

ማግሪብ ሊል አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። ዘይነብ እዚያ ተቀምጣ ተምር እየፈለፈለች ነው። ሳህኖቹን አውጥታለች፣ የራሷንም ጭምር።