ነጭ የነበረው ወረቀት

ጥቅምት 6

ነጩ ሸሚዜ ዛሬም ቢጫ ነው። «በሳሙና ነው ወይስ በውኃ ብቻ ያጠብሽው?» አልኳት ልጄን። «አባባ፣ ከዚህ በላይ ከታጠበ ይቀደዳል» አለች። አምፖሉም ደክሟል። በርካሽ ቀይራው ይሆን?

ባልንጀራዬ መምህሩ መጽሐፌን መለሰ። ስለ ጀርመን ፈላስፎች የሚናገረውን። ከዓመት በኋላ!

ጥቅምት 7

ገለጥኩት። የእኔ አይደለም።

ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ፈጅቻለሁ። ያንን መጽሐፍ ያተምኩት ራሴ ነኝ፤ ለራሴ አንዱን በጥሩ ነጭ ወረቀት አወጣሁ። ለገበያ የወጣው ቢጫ፣ ርካሽ ነበር። መምህሩ ያንን ገዝቷል። አሁን እጄ ላይ ያለው ቢጫው ነው። ነጩስ? መጽሐፍ ላይ ምልክት እንደማላደርግ ያውቃል...

በጣቴ ዳሰስኩት። ልስላሴው የእኔውን ይመስላል። ግን ጣት ይሳሳታል፤ ዓይን አይሳሳትም።

ጥቅምት 10

መምህሩ መጣ። ወንበሩን ስቦ እንደ ልማዱ ጀመረ። «የመጽሐፉ የመጀመሪያው ጀርመናዊ ምን አለ? አእምሮ ነገሩን እንዳለ አይቀበልም፤ የራሱን ልብስ ያለብሰዋል። ራቁቱን ያየው የለም።»

«ኋላ የመጡት ይሻላሉ» አልኩ። «ሐሳብን አትመን፣ ከጀርባው የማን ጥቅም እንዳለ ፈልግ ያሉት።»

«እነሱም የእሱ የልጅ ልጆች ናቸው። ጥያቄውን የወረሱት ከእሱ ነው።»

መጽሐፉን ገፋሁለት። «ከዚህስ ጀርባ የማን ጥቅም አለ? ነጩን ምን አደረግከው?»

ሳቀ። ቀልድ መስሎት። ኋላ ፊቱ ተለወጠ። «ሌባ እያልከኝ ነው?»

«ወረቀት አውቃለሁ።»

ከዘራውን አነሣ። በሩ ላይ ዞሮ፣ «ሁሉን ትጠረጥራለህ። ራስህን ብቻ እንድትዘል ማን ፈቀደልህ?» አለ።

የሌባ ዓይነ ደረቅ!

ጥቅምት 19

አልመጣም።

ጥቅምት 23

አልመጣም። ይቅር።

ሁለተኛው ጀርመናዊ፣ ሰው ራሱን የሚያውቀው ሌላው ሲያውቅለት ነው ይላል። ብቻዬን አነበብኩት። ብቻን ሲያነቡት አይጥምም።

ኅዳር 2

ደረጃ ስቼ ወደቅሁ። ልጄ ጎትታ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። «የዓይን ሞራ ነው አባቴ፣ በሁለቱም። በቀዶ ጥገና ይነሣል፤ ቀኙን እናስቀድም።» ልትለማመድብኝ ይሆን? ... እሺ አልኩ።

ኅዳር 11

የቀኙ ፋሻ ተነሣ። ሸሚዜ ነጭ! ልጄ ሸብታለች... መቼ?

መጽሐፉን አወጣሁ። በቀኝ ዓይኔ ነጭ። ቀኙን ሸፍኜ በግራ አየሁት፤ ቢጫ። ደገምኩ። እንደገና ደገምኩ።

የገዛ ወረቀቴ ነው።

ኅዳር 12

ቤቱ ሄድኩ።

«ደግሞ ምን ጠፋብህ?» አለ ከውስጥ።

«ክፈት።»

«ልትፈትሸኝ ነው?» ከፈተ።

«የእኔው ነው» አልኩት መጽሐፉን እያሳየሁ። «ቢጫ ያለበሰው ዓይኔ ነው።»

«አሁን ነጣልህ?»

«በቀኙ ነጭ ነው።»

«በግራውስ?»

«በግራው አሁንም ሌባ ነህ።»

እስኪያስለው ሳቀ። «ይህ ይቅርታ መሆኑ ነው?»

«ነው።»

ወንበር ሳበልኝ።

ኅዳር 20

ነገ ግራ ዓይኔ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሁለቱም ከጠሩ በኋላ ማነጻጸሪያ የለኝም። ቀኙስ የራሱን ልብስ እያለበሰ ቢሆን በምን አውቃለሁ? ለመምህሩ ነገርኩት። «ይኸው ገባህ» አለ።

መጽሐፉን እሱ ዘንድ ተውኩት። ዳግመኛ የሆነ ነገር ቢጫ ሲሆንብኝ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት «አንተስ ምን ይታይሃል?» እለዋለሁ።

መጠየቅ አልወድም... ግን እጠይቀዋለሁ።