ለብስክሌት የተሰጠ በረንዳ

ወረታ፣ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለያስሚን፣

አሰላሙ አለይኪ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ያሳሰበኝ የአንቺ መክሳት ነው። በላክሽው ፎቶ ላይ አንገትሽ ረዝሞ አየሁት። ለመሆኑ ኪጋሊ ሰው የሚበላው ምንድን ነው? ትምህርቱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ብይ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ በአባትሽ ምክንያት ነው። ለብስክሌት መንገዱ ተብሎ የሱቁ በረንዳ ከፈረሰ ወዲህ እንደማያናግርሽ ታውቂያለሽ። ስልክሽ ሲጠራ ሥራ እንዳለበት ሰው ብድግ ይልና መጋረጃው ጀርባ ሄዶ ይቆማል። አንዲት ቃል አታመልጠውም። የሥራ ባልደረባሽ የነበረው አቶ ንብረት ለስብሰባ ወደዚያ እንደሚመጣ ስሰማ ነው በእሱ እጅ ልልክልሽ ወረቀት የፈለግሁት።

ማዘጋጃ ቤት ሳለሽ በፕላኑ ላይ ያሰመርሽው የብስክሌት መንገድ አለቀ። ያምራል። ግን ምን ሆነ መሰለሽ፣ ሩዝ ተሰጣበት። ጭቃ የማይነካው፣ ፀሐይ የማያጣው እንዲህ ያለ ለስላሳ ቦታ ፎገራ ላይ ከየት ይገኛል? የሩዝ ነጋዴው ሁሉ ሸራውን ዘረጋ። ከሁሉም የሚሰፋው የአባትሽ ነበር። «በገዛ በረንዳዬ ላይ ነው ያሰጣሁት» ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ።

ከቁሐር ሚካኤል በብስክሌት ወተት የምታመጣው ታይቱ ሩዙ ጋ ስትደርስ ወደ አስፋልቱ መውጣት ግድ ሆነባት። አንድ ጠዋት አይሱዙ ሊጨርፋት ሲል ሱቃችን ፊት ወደቀች። እሷ ተረፈች፣ ወተቱ ግን ፈሰሰ። አባትሽ ጀሪካኑን አንስቶ ሰጣትና ገባ።

ከዚያ የባጃጅ ሹፌሮቹ «ብስክሌት የማይሄድበት መንገድ ምን ያደርጋል? ለእኛ ማቆሚያ ይሁን» ብለው አመለከቱ። የከተማው ሰው ተሰበሰበ። እኔም ከታይቱ ጋር ኋላ ተቀመጥኩ። ያን ያህል የደከምሽበት ሥራ በአንድ ስብሰባ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ብዙው ሰው ወደ ባጃጅ አጋድሏል። ታይቱ ተነስታ፣ «እኔ ክንፍ የለኝ። ሩዙን ብታነሱልኝ እኮ እሄድበት ነበር» አለች። ሰው ሳቀ እንጂ አልሰማትም።

ሰብሳቢው ወደ አባትሽ ዞረ። «ጋሽ አማን፣ በዚህ መንገድ የተጎዱት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

አለቀልን አልኩ በልቤ። እሱ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እኔ በረንዳዬን የሰጠሁት ለብስክሌት ነው» አለ። «ለባጃጅ የሰጠሁት የለም። ብስክሌት የማይሄድበት ከሆነ በረንዳዬን መልሳችሁ ሥሩልኝ።»

ሰጠሁ ይላል እኮ! በፈቃዱ የሰጠ ይመስል። ግን በረንዳ የፈረሰባቸው ሁሉ «እውነቱን ነው፣ የእኛንም መልሱ» ብለው ተነሱ። ያን ሁሉ በረንዳ ማን ይሠራል? መንገዱ ለብስክሌት ጸና፣ ለባጃጆቹም ከመናኸሪያው ጀርባ ቦታ ተገኘላቸው።

አንዱ ነጋዴ «ታዲያ ሩዙስ?» አለው። አባትሽ በማግስቱ የራሱን ሸራ ጠቅልሎ ወደ ሩዝ መፈልፈያው ግቢ ወሰደ። አሁንማ ሌላ ሰው ሲያሰጣ ካየ ከፖሊስ ይብሳል። ጠዋት ጠዋት መጥረጊያ ይዞ ሱቁ ፊት ያለውን መንገድ ይጠርጋል፣ የሩዝ ፍሬ ጎማ ያንሸራትታል ብሎ። ታይቱ ደወሏን እያቃጨለች ስታልፍ ቀና ሳይል እጁን ያነሳላታል። የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎችም በብስክሌት በዚያው መሄድ ጀምረዋል። ቆሜ ሳይ ደስ ይለኛል፣ በአንቺ እኮራለሁ።

አልዋሽሽም፣ ሰላም በይልኝ አላለኝም። ግን ትናንት የድሮ ብስክሌትሽን ከጓዳ አውጥቶ አጠባት፣ ጎማዋን አስነፋ፣ ሱቁ ፊት አቆማት።

«ማን ሊነዳት ነው?» አልኩት።

«መንገዱ ባዶ እንዳይመስል ነው» አለኝ።

ለዒድ ስትደውይ በእሱ ስልክ ደውይ። ካነሳ በኋላ ዝም ቢል አንቺ አውሪ።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

እናትሽ አሪፋ