በሦስተኛው ዘፈን ላይ ስለሞሉልን ክፍተት

ለተከበሩ የድምፅ ቅርስ ማኅደር ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነትን፣ በተለይም የጆሮ ጤንነትን፣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የዚያ የአራት ልጆች የሮክ ባንድ ድራም መቺ ታላቅ እህት ነኝ። የባንዱን የመጀመሪያና የመጨረሻ አልበም ከአቧራ አውጥተው፣ አጥበውና አቃንተው በአዲስ ሽፋን ስላሳተሙልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ሽፋኑ ላይ «ወጣ ገባ ቢሆንም ተስፋ ሰጪ ጅማሮ» ብለው ስለጻፉም አመሰግናለሁ፤ ወንድሜ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነውና ተስፋውን በትዕግሥት እንጠብቃለን።

ሆኖም ክቡርነትዎን ላስቸግርባቸው የምደፍር ጥቂት ነገሮች አሉኝ።

አንደኛ፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፃዊው ከዜማው የወጣበትን ቦታ በኮምፒውተር አቃንተውለታል። ዛሬ ርእሰ መምህር የሆነው ድምፃዊ ሲሰማው «ይኼ ደግሞ ማነው? ከእኔ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። እሱ ካልተቀየመ እኔም አልቀየምም። እውነቱን ለመናገር አልበሙ ጉድለት ሞልቶታል፤ ጊታሩ ይቸኩላል፣ የመጨረሻው ዘፈንም ማለቂያ የለውም። አራተኛው ዘፈን ላይ አራቱም አንድ ላይ ሲነሡ ግን ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ዘፈን መካከል ላይ ድራሙ ይጠፋል። ባለሙያዎችዎ ስሕተት ነው ብለው በማሽን ድራም ሞልተውታል፤ በክፍተቱ ውስጥ የሚሰማውንም «የውጭ ጫጫታ» ብለው አጥፍተውታል። ስለ ንጽሕናው እጅግ አመሰግናለሁ። ነገር ግን አልበሙ የተቀዳው በእኛ ቤት ጓዳ ነበር። እናታችን ከግድግዳው ማዶ የአልጋ ቁራኛ ሆና ስለነበር ወንድሜ ድራሙን ብርድ ልብስ አልብሶ ነበር የሚመታው። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ እናታችን ስትጣራ እሱ ይሄዳል፣ ሌሎቹ ግን አያቋርጡም። ካቋረጡ ሥራ አስፈታኋቸው ብላ ዳግመኛ አትጣራምና። «ጫጫታው» እሷ ናት። «ልጄ፣ የት ገባህ? ውሃ» ትላለች፤ እሱም «መጣሁ እማዬ» ይላል፤ ከዚያ ጊታሩና ቤዙ ብቻቸውን እየተጫወቱ ይጠብቁታል።

አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት ባንዱን የጫነው መኪና ተገለበጠ፤ ከወንድሜ በቀር ሁሉም ተረፉ። እናቴ ተረድታ፣ አልቅሳም ነበር፤ ሕመሙ ሲጠናባት ግን ትረሳውና ትጣራ ነበር። እኔ ስሄድ ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ የአልበሙን ካሴት ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከፈትኩት። የገዛ ድምፅዋ ተጣራ፣ እሱም መለሰ፤ እሷም «እሺ» ብላ ዐይኗን ጨፈነች። እስክትሞት ድረስ በዚያ ካሴት አስታመምኳት፤ በመጨረሻም ክሩ አልቆ ተበጠሰ። ደግ ሠርቼ እንደሆነ ክፉ እስካሁን አላውቅም። ጓዳው ውስጥ እቃ ሳነሣ ዛሬም ጆሮዬ ወደ ግድግዳው ነው፤ እፈራለሁም፣ እናፍቃለሁም።

ሦስተኛ፣ አልበሙ ጓዳችን ውስጥ የተቀዳበት ዋናው ቴፕ «አገልግሎቱን ስለጨረሰ» በቅርቡ እንደሚወገድ ጸሐፊዎ በስልክ በትሕትና ነግራኛለች። መደርደሪያ ስለጠበባችሁ ከልብ አዝናለሁ። ከሞቱ አሟሟቱ ነውና፣ በቆሻሻ መኪና ተጭኖ ከሚሄድ ለእኔ ቢሰጠኝ ምን ይመስልዎታል? የእኔ ቤት ሰፊ ነው፤ ሰው የለበትም።

ስለ ትጋትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ቀሪ ዘመንዎ አንዳችም እንከን የማይሰማበት እንዲሆንልዎ የምመኝ፣

የድራም መቺው እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የማሽኑ ድራም ሊያበቃ ሲል አንድ ጠንከር ያለ ምት ይሰማል፤ ባለሙያዎችዎም ድራም መስሏቸው ይበልጥ አጉልተውታል። ድራም አይደለም፤ ወንድሜ ውሃውን አጠጥቶ ሲመለስ የዘጋው በር ነው። ከሥራችሁ ሁሉ ያለ ሽሙጥ የማመሰግናችሁ በዚህ ብቻ ነው፤ ይህንንም ያዳናችሁልኝ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ነው።