አገርነሽን ያስታመመ እጅ

ልጄ ጸዳለ፣ እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ በላንቴው ማሳችን የተከልነውን ሙዝ ግን ነፋስ ጣለው።

የጎረቤታችንን የአገርነሽን ሞት ሰምተሻል። ዳሌዋን በቀዶ ጥገና በብረት ከቀየሩላት በኋላ ሐኪሙ «ደሟ እንዳይረጋ በየቀኑ ትራመድ» ብሎን ነበር። ልትነሣ ባለች ቁጥር ግን «እኛ እያለን አንቺ ልትነሺ?» እያልኩ የማስተኛት እኔ ነበርኩ። ባቷ ሲያብጥ ሐኪም መጥራት ሲገባኝ በቅቤ አሸሁላት። የረጋው ደም ከእግሯ ተነሥቶ ሳንባዋን ዘጋው አሉን።

ትናንት ልጇ ቤቲ ከዚያው ካንቺ ከተማ ደውላ «እናቴን ያስታመመ እጅዎ ይባረክ» አለችኝ።

አምላክ ከእንዲህ ያለ ጸጸት ይጠብቅሽ። እባክሽ ልጄ፣ ሂጂና እውነቱን ንገሪያት። ይህን ምርቃት ተሸክሜ መኖር አልቻልኩም።

እናትሽ